አይጥ የመሰከረችበት አጥሚት

እማማ ጠጅቱ ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ ሻይ ሲሸጡ ነው ያረጁት። ከሳሹም ተከሳሹም፣ ጠበቃውም ምስክሩም እሳቸው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሲብሰለሰል ሰምተዋል። ስለዚህ ሻዩን ከተዉ በኋላ እንኳ ቤት የሚመሩት እንደ ችሎት ነው። ልጃቸው ኤልያቄም ቁርስ አልበላም ካለ በቂ ምክንያቱን ያቀርባታል፤ አለዚያ ይበላታል፣ አለቀ።

ምራታቸው የአብስራ ሴት ልጅ በወለደች በሳምንቷ ግን ጣጣው በራሳቸው መጣ። የአብስራ እርጉዝ ሳለች ስኳሯ ከፍ ብሎ ስለነበር፣ እማማ የአራስ አጥሚቷን በስኳርም በማርም አላጣፈጡትም። እሳቸውም የስኳር ሕመምተኛ ናቸውና ሻያቸው ውስጥ ጣል የሚያደርጓትን የስኳር ምትክ፣ ያቺን ነጭ ክኒን፣ አሟሙተው ጨመሩበት። በዚህ ብልሃታቸው እንዴት እንደኮሩ! የአብስራ ግን ቀመስ አደረገችና አቀርቅራ ይቅርብኝ አለች። በነጋታውም ይቅርብኝ። በሦስተኛውም ያው።

ወይ ጉድ፣ አራስ ከአማቷ እጅ አልቀምስም ስትል ሰፈሩ ምን ይላል? ንቀት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? እማማ አኮረፉ። የእሳቸው ኩርፊያ ደግሞ ዝም ብሎ ፊት ማጥቆር አይደለም፤ ድስቱ ይንኳኳል፣ በሩ ደርገም ይላል። አራሷን ሊያርሱ ከመጡበት ከልጃቸው ኮንዶሚኒየም፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ሊመለሱ ልብሳቸውን በፌስታል ሸከፉ። ያስቀረቻቸው ሕፃኗ ናት። ስንት ዓመት ተስለው ያገኟትን የልጅ ልጅ ጥለው የት ይሄዳሉ? የፈሩትም ይህንኑ ነው፤ ዛሬ አጥሚታቸውን የመለሰች ምራት ነገ ሕፃኗን ከጉልበታቸው ላይ ብታነሳስ?

ለክትትል ክሊኒክ ሲሄዱ ሕፃኗን ራሳቸው አቅፈው ገቡ። ሐኪሙ ዶክተር ሞቱማ ወንበሩን በቅጡ ሳይስብ ክሳቸውን አሰሙ። ስኳር አልጨመሩ፣ ማር አልጨመሩ፣ ጥፋታቸው ይነገራቸው! የአብስራ መሬት መሬት እያየች እውነቱን አወጣችው። እርግዝናዋ ላይ ስኳር የለውም የሚባለውን፣ በዚያው በስኳር ምትክ የሚጣፍጠውን ለስላሳ ታዘወትር ነበር፤ ዶክተሩ ነው ልጅሽን አጥብተሽ እስክትጨርሺ ድረስ ተዪው ያላት። እማማ ደግሞ በክኒኗ የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ እንዴት ብላ ክኒንዎ ይቅርብኝ ትበላቸው? አፈረች።

ዶክተሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ነገሩን አቀለለላቸው። ሆዳችን ውስጥ ዓይን የማያያቸው ጠቃሚ ተሕዋስያን አሉ፤ ምግብ ከማብላላት አልፈው ከአንጎል ጋር መልእክት ይለዋወጣሉ። ለእናት አይጦች የስኳር ምትክ ሰጥተው ያጠኑ ሰዎች ደግሞ፣ በልጆቻቸው ሆድ ውስጥ የእነዚህ ተሕዋስያን ሚዛን ተዛብቶ፣ አንጎላቸውም ተለውጦ አግኝተዋል።

"አይጥ ናት የመሰከረችብኝ?" አሉ እማማ።

"አይጥ ናት፣ እማማ። ሰው ላይ ገና አልተረጋገጠም። እርስዎም የራስዎን ይተዉ አላልኩም። ግን የዚች ልጅ ሆዷም አንጎሏም ገና እየተሠራ ነው።"

የአይጥ ምስክርነት! የድሮ ደንበኞቻቸው ቢሰሙ በሳቅ ይሞቱ ነበር። እማማ ግን ችሎት ያውቃሉ፤ ክርክሩ እስኪያልቅ የሚከራከሩበት ነገር እንዳይጎዳ ዳኛ ምን እንደሚያደርግ ጠንቅቀው ያውቃሉ። እቅፋቸው ውስጥ ያለችውን አዩ።

"እንግዲያው ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪወሰን እግድ ይውጣ" አሉ። "ይቺ ልጅ ጡት እስክትጥል ክኒኗም ለስላሳውም እናቷ አፍ አይደርስም። አስፈጻሚዋ እኔ ነኝ።"

የአብስራ ከስንት ቀን በኋላ ቀና ብላ አየቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ትግሉ ከድስቱ ጋር ሆነ። ያለ ጣፋጭ የተሠራው የመጀመሪያው አጥሚት ሙጫ ሆኖ ወጣ። ቀጣዩን ኤልያቄም ቀመሰና ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ውልቅ አለ። እማማ ግን እጅ ሊሰጡ? አጃውን ሽታው የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እስኪሞላው ቆሉት፣ አድቅቀው አስፈጩት፣ ደጋግመው ነፉት፤ ቅቤውንና ኮረሪማውን እየቀነሱ እየጨመሩ ልኩን እስኪያገኙት አልተቀመጡም።

ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ልደታ ማርያም ክርስትና የተነሳች ዕለት እንግዳው ቤቱን ሞላው። የአብስራን ስኳር የሰማ ሁሉ፣ ደግነቱ ነው መቼም፣ ስኳር የሌለውን ለስላሳ በደርዘን ተሸክሞ መጣ። እማማ በሩ ላይ ቆመው እግድ አለበት እያሉ ሁሉንም ወደ እንግዶቹ ጠረጴዛ መለሱት። ለእናትየዋ ያቺው አጥሚት ናት፤ የፈለገ እንግዳም ይቅመስ።

የማንንም እጅ አመስግነው የማያውቁት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ወለተሰንበት ቀመሱ። ደገሙ። የየት አገር ማር ነው ብለው ጠየቁ።

"ማርም የለው፣ ስኳርም የለው፣ ክኒንም የለው" አሉ እማማ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው። ወይዘሮ ወለተሰንበት ኩባያውን አገላብጠው አዩት፤ ቤቱ በሳቅና በእልልታ ተናጋ። እማማ በሕይወታቸው እንዲህ ረትተው አያውቁም።

የአብስራ ከተቀመጠችበት ተነሳች። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አልፋ መጥታ ሕፃኗን አማቷ ጉልበት ላይ አስተኛቻትና ሁለት እጇን ዘረጋች።

"ለእኔም ይቅዱልኝ፣ እማማ። ሞላ ያድርጉልኝ።"

እማማ ጠጅቱ እንባቸው ዱብ ዱብ እያለ፣ በአንድ እጃቸው የልጅ ልጃቸውን ደግፈው በሌላው ቀዱላት።