የቀይ አፈር መቃብሮች

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ያለችው መንደራችን ቀይ አፈር ትባላለች። ስሙን ያወጡላት ሸክላ ሠሪዎቹ ቤተ እስራኤሎች ናቸው። እነሱ ሸክላ ይሠሩ፣ ማረሻ ይቀጠቅጡ ነበር፤ እኛ ገብስ እናርሳለን። በ1983 ዓ.ም. ተነቅለው ወደ እስራኤል ሲሄዱ ቤታቸው ፈረሰ። ከጅረቱ ማዶ መቃብራቸው ብቻ ቀረ።

ከሁሉም ኋላ የወጣችው እናቷን እዚያ የቀበረችው ሸክላ ሠሪዋ አማረች ነበረች። ጎረቤቷን አድማሴን ደጁ ድረስ ሄዳ፣

«አያ አድማሴ፣ እናቴን አደራ። ማረሻ እንዳይነካት» አለችው።

«እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም አይነካትም» አላት።

ከዚያ ወዲህ ከብት ያፈረሰውን የመቃብር ድንጋይ በየዓመቱ መልሶ ይክብ ነበር።

ዓመታት አለፉ። አድማሴ ዳኛው የሚባል ወንድ ልጅ ነበረው፤ የዚህ ልጁ ሚስት ትዕግስት ምጥ ጠናባት። በቃሬዛ ተሸክመናት ስንሮጥ፣ ዋናው መንገድ ሳንደርስ ከነፅንሷ ሞተች። መንደሩ በሙሉ መንገድ ይግባልን ብሎ ጮኸ። ከሁላችንም አብልጦ የጮኸው ዳኛው ነበር።

መንገዱን ሊቀይሱ የመጡት ሰዎች ሕዝቡን ሰበሰቡና ነገሩን አስረዱ። መንገዱ ወይ በመቃብሮቹ ላይ ያልፋል፣ ወይ ዞሮ የአድማሴን የገብስ ማሳ ለሁለት ይቆርጣል።

«በመቃብሩ ይሂድ» አለ ዳኛው። «እዚያ የተኙት እንደሆነ አልቃሽ ዘመድ የላቸውም።»

አድማሴ ተነሣ። «በማሳው ይሂድ።»

«ምነው አባቴ? ያን ማሳ ለእኔ አውርሰውኝ የለም ወይ?»

«አውርሼሃለሁ። ስለዚህ አላዝህም፤ በሰው ፊት እለምንሃለሁ።»

ዳኛው ጥሎን ሄደ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ በትዕግስት መቃብር አጠገብ ቁጭ ብሎ አየነው። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ወደ አባቱ መጣ።

«በእሷ ላይ ማኪና ሲሄድባት አሰብኩት» አለ። «አልቻልኩም። በማሳው ይሂድ።»

አድማሴ የልጁን ራስ ወደ ደረቱ ሳብ አድርጎ አለቀሰ። ሽማግሌው ሲያለቅስ ያየነው ያን ቀን ብቻ ነው።

መንገዱ ገባ። ምጥ የያዛቸው ሴቶች አሁን በማኪና ሐኪም ቤት ይደርሳሉ። የተረፈው ቁራሽ መሬት ግን ለአባትና ልጅ አልበቃ አለ፤ ዳኛው ጎንደር አጠገብ ወዳለችው ፀዳ ከተማ ወርዶ የሰው ቤት የሚገነባ ግንበኛ ሆነ። ለፋሲካ ይመጣል፤ አባቱ ካረፈ ወዲህም አልቀረም።

አያ አድማሴ እስኪሞት ድረስ በዚያ መንገድ መሀል ሲሄድ ያየው የለም። ገበያ ሲወርድም ሲመለስም፣ ቡቃያ እንዳይረግጥ እንደሚጠነቀቅ ሰው ጥጉን ይዞ ነበር የሚሄደው።