የድምቡሼ ቀለብ

እህቴና የልጇ አባት የተለያዩት ተደባድበው አይደለም፤ ተሰላችተው ነው። ጩኸት አልነበረም፣ የተሰበረ ሳህን አልነበረም። አንድ ቀን ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ታላቅ እህቱ ቤት ገባ፤ እህቴም ልጇን ይዛ የተከራዩት ቤት ውስጥ ቀረች። ልጅቱን ከተወለደች ጀምሮ ድምቡሼ ነው የምንላት። አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ተመዝዛ የመብራት ምሰሶ መስላለች፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም።

አባትየው በያጅ ነው። ሰፈሩ «ብረቱ» ይለዋል። በርና መስኮት የሚሠራ ትልቅ ወርክሾፕ ውስጥ ደህና ደሞዝ ነበረው። ዳኛ መሀላቸው ሳይገባ በቃል ተስማምተው በየወሩ ለልጁ ይሰጣል፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ልጅቱ እሱ ጋ ታድራለች። እንዲህ ሆኖ ጊዜው ሄደ። በኋላ ገንዘቡ መንጠባጠብ ጀመረ። መጀመሪያ ግማሹ መጣ፤ ቀጥሎ «በሚቀጥለው ሳምንት» የሚል ወሬ መጣ፤ ከዚያ እሱም ቀረ።

እህቴ ፀጉር ሰሪ ናት፤ እኔም እሷው ጋ ነው የምሠራው። «ሌላ ሴት ይዞ ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል?» እያልኩ ጆሮዋን አደነቆርኩት። እሷ ግን ከሰው ፀጉር ላይ ዓይኗን ሳታነሳ ዝም ትለኛለች። አከራዩ ኪራይ ሲጨምርባት ነው ዝምታው ያለቀው። ፍርድ ቤት ሄዳ የልጅ ቀለብ ጠየቀች።

የቀጠሮው ቀን አብሬያት ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን እያለ ብረቱ መጣ። ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ተጠጋና እጁን ዘረጋልኝ።

«ደህና ነሽ? ድምቡሼን ጉንፋኑ ለቀቃት?»

እህቴ መስዬው ነው። ቁመታችን አንድ ነው፤ መልካችን ግን በጭራሽ አይገናኝም። «እኔ እኮ አይደለሁም እናትየዋ» ስለው ደንግጦ ወደ እሷ ዞረና ሰላምታውን እንደ አዲስ ጀመረ። ንቀት ነው የመሰለኝ። ያን ያህል ዘመን አብራው የኖረችውን ሴት መልክ ረሳ ብዬ ደሜ ፈላ።

ዳኛዋ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ነገሩን እንደ አስተማሪ ነው የሚያስረዱት።

«መጀመሪያ የልጅቷን ወጪ ነው የምናየው» አሉ። እህቴ ኪራዩን ስትጠራ አቋረጧት። «ኪራዩ ሙሉውን የእሷ አይደለም፤ እርስዎም ይኖሩበታል። የእሷን ድርሻ ብቻ ነው የምይዘው።» ከዚያ ምግቡ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ልብሱ፣ ሕክምናው፣ ልጅቱን ከትምህርት ቤት አምጥታ እስከ ማታ ለምታቆያት ጎረቤት የሚከፈለው፣ ሁሉም ተያዘ።

«ይህን ለሁለት አልገምሰውም» አሉ ዳኛዋ። «ብዙ የሚያገኘው ብዙ፣ ትንሽ የሚያገኘው ትንሽ ያዋጣል። አሁን ገቢያችሁን ንገሩኝ።»

እህቴ የፀጉር ቤቱን ገቢና ወጪ ተናገረች። ብረቱ ተራው ሲደርስ፣ «እንደ ድሮው ነው» አለ። ድሮ ስንት እንደነበር የሚያሳይ የወርክሾፑ ማስረጃ መዝገቡ ውስጥ ነበር። በዚያ ሲሰላ፣ ከልጅቱ ወጪ ሁለት እጁ በእሱ፣ አንድ እጁ በእህቴ ሆነ።

«ይስማማሉ?»

«እስማማለሁ።»

እኔ ደስታዬን አፌ ላይ እጄን ጭኜ ደበቅሁት። እህቴ ግን ፊቷ አልተፈታም። ብረቱ ቲማቲም ሲገዛ ሻጩን የሚያስለቅስ ሰው ነው። ያን ያህል ገንዘብ ተቆርጦበት ትንፍሽ አለማለቱ አልዋጥላት አለ።

ጸሐፊው የሚፈረመውን ወረቀት አምጥቶ ፊቱ አስቀመጠለት። ብረቱ ወረቀቱን ወደ ጎን አዞረው፣ አንገቱን አጣመመ፣ በጣቱ ዳበሰው። «የት ጋ ነው?» አለ ቀስ ብሎ። ጸሐፊው አሳየው። ብረቱ ግን ጽሑፉ ላይ፣ ልክ መሀሉ ላይ ፈረመ።

እህቴ ብድግ አለች።

«ክብርት ዳኛ፣ አልተስማማሁም።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አደረጉ። «የጠየቁትን እኮ ነው የወሰንኩልዎት።»

«አውቃለሁ። ግን ይህ ሰው አያይም።»

ብረቱ ፊቱ ቀላ። «ማን ጠየቀሽ?» አላት። «የጠየቅሽው ተሰጥቶሽ የለ? ምን ቀረሽ?»

ዳኛዋ ዝም አሰኙትና ራሱ እንዲናገር ጠየቁት። እሱም ነገሩን እየቆራረጠ አወጣው። በወጣትነቱ ስንቱን ቀን ያለ መከላከያ ሲበይድ የኖረበት እሳት ዓይኑን በልቶታል። ሐኪም ሥራውን ከልክሎታል። ወርክሾፑ ጨርሶ ባይጥለውም በር ከፋች አድርጎታል፤ ደሞዙ ከድሮው ሩብ እንኳ አይሞላም። የራሱን የብየዳ ማሽን እንኳ ሸጦ ነው ያለፉትን ወራት ጥቂት ጥቂት ሲሰጥ የቆየው።

«ታዲያ ለምን ደበቁ?» አሉ ዳኛዋ።

«የመሀሉ ነው የጠፋብኝ፤ ዳር ዳሩ ይታየኛል። መንገድ እሄዳለሁ፣ ሰው አያለሁ፤ የሰው ፊት ነው የሚሰወረኝ። ግን እውር ነው ከተባልኩ ልጄን ማን ይሰጠኛል? ቅዳሜዬን ትወስድብኛለች ብዬ ነው።»

«እና ከየት አምጥተው ሊከፍሉ ነበር?»

«አንዱን ነገር አደርግ ነበር።»

«ከሌለ ገቢ ላይ ቀለብ ብቆርጥ ልጅቷ የምትበላው ወረቀት ነው» አሉ ዳኛዋ። «ትንሽ ጊዜ ይከፍላሉ፤ ከዚያ ያቅትዎትና ከእርሷም ፊት ይጠፋሉ።» የሐኪም ማስረጃና የአሁኑን ደሞዙን እንዲያመጣ አዘው ሌላ ቀጠሮ ሰጡ።

ኮሪደር ላይ እንደወጣን ብረቱ እህቴን በቁጣ አናገራት። «ሰው ፊት ገላለጥሽኝ!»

«አንተስ?» አለችው። «እኔን ሌባ ተቀባይ ልታደርገኝ ነበር። ማሽንህን በልቼ፣ ቀጥሎ ምንህን ልበላ ነበር?»

ብረቱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ እሷም አጠገቡ ቆመች። እኔ ስለ ሌላ ሴት ያወራሁትን ሁሉ አስታውሼ፣ የምገባበት ቀዳዳ አጣሁ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ስሌቱ ተገለበጠ። አሁን ከአራት ሦስት እጁ በእህቴ ላይ ወደቀ። ይህን ሲነግሯት ከንፈሯን ነክሳ ሰማች፤ ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን አመጣች።

«እሱ ከቀትር በኋላ ሥራ የለውም። ልጅቷን ከትምህርት ቤት አምጥቶ እኔ እስክገባ ይያዛት። ለጎረቤቷ የምከፍለው ይቀርልኛል። ይህም ከእሱ መዋጮ ይታሰብለት።»

ክንዷን ቆነጠጥኳት። «አብደሻል? መኪና ባለበት መንገድ?»

ዳኛዋ ሐኪሙ የጻፈውን ደግመው አነበቡ። ሰውየው ብቻውን መንቀሳቀስ እንደሚችል ይላል። እህቴ እንዳለችው አጸደቁት፤ የቅዳሜና እሁዱም እንደነበረ ቀጠለ። ብረቱ ራሱን ዝቅ አድርጎ አመሰገነ።

ብረቱ ልጅቱን ከትምህርት ቤት የሚያመጣበት የመጀመሪያ ቀን እህቴ ደንበኛዋን ለእኔ ጥላ፣ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወጣች። ተከትላቸው ነበር። ማታ ነው የነገረችኝ። አባትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዋናው መንገድ ዳር ደረሱ። ብረቱ ቆመ። ድምቡሼ ግራና ቀኝ አይታ፣ «ቆይ… ቆይ… አሁን» አለችው፤ ተሻገሩ። አልተደናበሩም። ለዓመታት ሲሠሩት የኖሩት ነገር ይመስል ነበር።

ቤት ሲገቡ ልጇን ለብቻዋ ያዘቻት።

«የአባትሽን ዓይን ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የቤት ሥራዬን ሳሳየው ‹አንቺው አንብቢልኝ› ካለኝ ጀምሮ።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

ድምቡሼ ጥፍሯን መብላት ጀመረች። «ቅዳሜ አትሂጂ እንዳትዪኝ።»

እህቴ ይህን ስትነግረኝ የፀጉር ማድረቂያውን ካስክ እየወለወለች ነበር። መወልወሏን አቆመችና፣ «ሁለቱም እኔን ፈርተው ነው እኮ» አለች። «ምን ዓይነት ሰው ብመስላቸው ነው?»

ኑሮው አልቀለላትም። እሁድ ማረፍ ቀረ፤ ፀጉር ቤቱ ይከፈታል፣ እኔም አብሬያት እገባለሁ። የብረቱ ዓይን አልተመለሰም፤ ሐኪሙ የቀረውን ለማቆየት ጠብታ ሰጥቶታል። ተመልሰውም አልታረቁም፤ ማንም አልጠየቃቸው፣ እነሱም አላሰቡት። ድርሻውን ግን ወር በገባ ያመጣል። አንድ ወር አጉድሎ መጣና በሩ ላይ እህቴ ያዘችው። ካስክ ስር የተቀመጡት ደንበኞች ወሬው እንዳያመልጣቸው አንገታቸውን አውጥተው ነበር የሚሰሙት።

«ጎድሏል።»

«ጠብታው ተወደደ። በሚመጣው ወር እሞላዋለሁ።»

«ይህን ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ምንም» አላት ብረቱ። «ከእንግዲህ እነግርሻለሁ።»

እህቴ ገንዘቡን ተቀብላ፣ ልጅቷ ነገ ከትምህርት ቤት የስፖርት ልብሷን ይዛ እንደምትወጣ ነገረችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።