የበሩ ረድፍ

"አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ኧረ በእናትህ!"

ፊሽካ ሳህኑን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችው፣ ዝቅ አድርጋም አየችው። ያው ነው። ከሠላሳ ስድስቱ ትንንሽ ጉድጓዶች ሠላሳ ሦስቱ ሥር ቁልጭ ያለ ቀይ ነጥብ ተቀምጧል። ሦስቱ ግን ነጥብ የሚባል ነገር የላቸውም፤ ደሙ ተበትኖ ቀርቷል።

ፊሽካ ያሏት አፏ ስለማያርፍ ነው። ከትምህርት ቤት እንደወጣች ነው እዚህ ላብራቶሪ የገባችው፤ የሙከራ ጊዜዋ አርብ ያልቃል። የላብራቶሪውን ኃላፊ ዶክተር አስጠራች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ የሚሠራው ለልጆች አፍንጫ ውስጥ የሚነፋው የጉንፋን ክትባት ዘር ነው፤ ፋብሪካው ክትባቱን የሚያበዛው ከዚህ ዘር ነው። ውስጡ ያለው ቫይረስ በሕይወት አለ፣ ግን ደካማ ነው። ስምንት የጂን ቁራጮች አሉት። ሁለቱ ፊቱ ናቸው፤ ሰውነት ዘንድሮ የመጣውን ጉንፋን እንዲለይ ከአዲሱ ቫይረስ ይወሰዳሉ። ስድስቱ ጉልበቱ ናቸው፤ እነሱ የሚመጡት ብርድ ውስጥ ካደገ ሰነፍ ቫይረስ ነው። ሰነፉ ቀዝቃዛ አፍንጫ ውስጥ ይራባል፣ ሳንባ ድረስ ልውረድ ቢል ግን ሙቀቱ አያስኬደውም። ስለዚህ ዘሩ ከመውጣቱ በፊት ከሠላሳ ስድስት ብልቃጦች እየተቀዳ እንቁላል ውስጥ ይገባና ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ በሚያሞቅ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ የእንቁላሉ ውሃ ከዶሮ ደም ጋር ይቀላቀላል። ቀይ ነጥብ ከታየ ቫይረሱ አልተራባም፣ እሰየው ነው። ነጥብ ከሌለ ግን ሙቀቱን ችሎ ተራብቷል ማለት ነው።

ዶክተሯ መጡ። ሠራተኛው ከጀርባቸው "ፍሪጅ" ነው የሚላቸው።

"ከየትኛው ሳጥን ነው? ከቀዝቃዛው ነው ከሞቃቱ?"

"ከሠላሳ ዘጠኙ፣ ዶክተር። የደሙን ቅልቅል ሁለቴ ነው የሠራሁት።"

ዶክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ። "እንግዲያው ከስድስቱ አንዱ ጂን ተቀይሯል። ጉልበቱ ተመልሶለታል።"

"ጂኑን ብናስነብበውስ?"

"ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ፋብሪካው ዘሩን የሚረከበን አርብ ነው።"

"እሺ ፈተናውን ከእንቁላሉ ጀምረን ብንደግመው?"

"የታወቀ ስህተት ከሌለ መድገም ክልክል ነው። ሁሉም ደስ የሚለው ውጤት እስኪመጣለት ይደግም ነበራ! ዘሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቃጠላል።"

የአራት ወር ሥራ። ዘንድሮ ልጆቹ ያለ ክትባት ብርዱን ሊያሳልፉት ነው።

ፊሽካ መዝገቡን ከፈተች። ነጥብ የሌላቸው ቁጥር አንድ፣ ሁለትና አምስት ናቸው። ሦስቱም የበሩ ረድፍ ላይ ነበሩ።

የዚያ ሳጥን በር በዳሌ ካልተገጨ አይዘጋም፣ ይህን የማያውቅ የለም። ባለፈው አርብ ማታ ግን ሁለት እጇ በትሪ ስለተያዘ በእግሯ ገፋ አድርጋው ሄደች። ቅዳሜ ጠዋት ስትመጣ በሩ ጣት በሚያስገባ ክፍተት ተከፍቶ ነበር። ቴርሞሜትሩ ያለው ከኋላ ነው፤ እሱ ሠላሳ ዘጠኝ ይላል። እሷም 39 ብላ ጻፈች፣ በሩን ዘጋች፣ ዝም አለች። ፊት ያሉት እንቁላሎች ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳይቀዘቅዙ አልቀሩም፤ በቅዝቃዜ ደግሞ ሰነፉም ይራባል።

ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት፣ ልብስ ሰፊዋ።

"አንድ ደንበኛ እየለካሁ ነበር፤ ልጄ ክትባት ትሠራለች ስላት አፏን ያዘች! አርብ ቋሚ ትሆኛለሽ አይደል?"

"እማ፣ ሥራ ላይ ነኝ።"

"ድምፅሽ ምን ሆነ? በልተሻል?"

"በልቻለሁ። መልሼ እደውላለሁ እማዬ።"

ኮሪደሩ ላይ የጥገናውን ጋሼ አገኘችና ሁሉንም ዘረገፈችለት።

"በሩን ያልጠገንኩት እኔ ነኝ እላለሁ" አላት። "አንቺ ብቻ አንድ ቀን እንኳ አፍሽን ያዢ።"

"ጋሼ፣ በሩ ተከፍቶ ያየው ማነው ቢሉስ?"

"ራስሽን ማጋለጥ ላይ ጎበዝ ነሽ!"

እዚህ ቤት የተጻፈ አይፋቅም፤ ስህተቱ እንዲነበብ በአንድ መስመር ብቻ ነው የሚሰረዘው። ፊሽካ 39ን በአንድ መስመር ሰረዘችና ጎኑ ላይ ጻፈች፦ "በሩ ክፍት ነበር። አርብ ያልዘጋሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜ አይቼ አልተናገርኩም።" ፈረመች። ይዛ ገባች።

ዶክተሯ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ቅዳሜ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ፈራሁ።"

"እስከ ዛሬ ዝም ያልሽው ለካ ያን ቀን ብቻ ነው" አሉ ሳይስቁ። "የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍብሻል። ስለ ቋሚነትሽ አርብ እንነጋገራለን።"

"ይጻፍ። ፈተናውስ?"

"ስህተቱ ታውቋል፣ ይደገማል። ሐሙስ ውጤቱ ይደርሳል። ግን ዘሩ የእውነት ተበላሽቶ ቢሆንስ? በከንቱ ራስሽን አጋልጠሻል።"

"እኔ ብሆን ነው የሚሻለው፣ ዶክተር" አለች። በሕይወቷ ጥፋቱ የእሷ እንዲሆን ስትመኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ከሰዓት ጋሼ የበሩን መቆለፊያ ቀየረ፣ ሁለተኛ ቴርሞሜትርም ፊት ላይ ሰቀለ። ፊሽካ ከብልቃጦቹ የተሞሉትን አዲስ እንቁላሎች መደርደር ጀመረች። አንድ፣ ሁለትና አምስት እጇ ላይ ቀሩ።

ጋሼ ጠጋ ብሎ ሹክ አላት። "እነዚህን ከኋላ፣ ማሞቂያው ጥግ አድርጊያቸው። እዚያ አርባ ይጠጋል፤ ምንም ነገር አይራባም። ሐሙስ ነጥብ በነጥብ ይሆንልሻል።"

ፊሽካ የኋላውን ረድፍ አየችው። ቦታ አለ። ማንም አይጠይቃትም።

"መቀየር ያለበት በሩ ብቻ ነው፣ ጋሼ" አለች።

ሦስቱን እንቁላሎች እዚያው የበሩ ረድፍ ላይ መለሰቻቸው። በሩን በዳሌዋ ገጨችው። አዲሱ መቆለፊያ ይህ አያስፈልገውም ነበር፣ ቢሆንም ደገመችው።