በአንድ ምት የወጣው ማነጣጠሪያ

ቨርላ ቲንደል የሽጉጧን አዳዲስ ማነጣጠሪያዎች ራሷ ልትገጥም የወሰነችው በርናዲንን ላለማስቸገር ብላ ነበር። በርናዲን ፔክ ጎረቤቷም ጓደኛዋም ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ቆመው ተኩሰዋል። ዕቃው በፖስታ መድረሱን እንደሰማች፣ «አምጪልኝ፣ እኔ እገጥምልሻለሁ። በዚህ ዓይንሽ ብረቱን ትቧጭሪዋለሽ» ብላት ነበር። ከዚያ ወዲህም ሁለት ጊዜ ደውላ አስታውሳታለች። ቨርላ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዋዮሚንግ በረዶ ላይ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳች ሴት ናት። በገዛ ሽጉጤ ላይ ሁለት ቁራጭ ብረት መቀየር እንዴት ያቅተኛል ብላ እልህ ያዛት።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርሷን በልታ ወደ ጋራዡ ወረደች። የሥራ ጠረጴዛው ከአራት ዓመት በፊት የሞተው የባሏ የኦሪን ነው፤ መዶሻውም ሞረዱም እሱ ባስቀመጠበት አለ። የሽጉጡን የጥይት ካዝና አወጣች፤ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስባ ቆለፈችው፤ የጥይቱን ማደሪያ አጎንብሳ አየችው፤ ዓይኗን ስላላመነችው ደግሞ በትንሿ ጣቷ ዳሰሰችው። ጥይቶቹን ወጥ ቤት ወስዳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ተመለሰች።

ዓይኗን ማመን የተወችው ካለፈው መኸር ጀምሮ ነው። በአውራጃው የሴቶች ቡድን ውስጥ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአራቱ ተኳሾች አንዷ ነበረች። ባለፈው ሰኔ ከፈረስ መጫኛ ተጎታች ላይ ስትወርድ ወድቃ የግራ እጇ አንጓ ተሰበረና አንድ ወር ተኩል በጄሶ ታስሮ ቆየ። ሲፈታላት ወደ ተኩስ ሜዳው ተመለሰች። የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች እንደ ድሮው መሀል ይገባሉ፤ ቆይተው ግን ይበተናሉ፣ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ። የእጇ ነገር ነው ብላ ጠበቀች። እጇ ዳነ፣ ጥይቶቹ ግን አልሰበሰቡም። በጥቅምቱ ምርጫ ስድስተኛ ወጣች። በአራተኛው ቦታ በርናዲን ገባች።

ያን ዕለት በርናዲን መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከትላት መጥታ አቅፋት፣ «ዓይንሽ ነው፣ ቨርላ። ሁላችንም እዚያው ነን፣ አንቺ ቀድመሽ ደረስሽ እንጂ» ብላ አጽናናቻት። የዓይን ሐኪሙ ለዕድሜሽ ደህና ነው ቢላትም፣ ቨርላ ያመነችው ጓደኛዋን ነው። ሐኪሙ ስትተኩስ አላያትም፤ በርናዲን ግን ታያታለች።

ከዚያ በኋላ ነገሮችን አንድ በአንድ ተወች። በየጸደዩ ለጀማሪ ሴቶች የምትሰጠውን ትምህርት ለሌላ አስረከበች። ሰው አጋዘን መስሎኝ እመታለሁ ብላ አደን ቀረች። ኅዳር ላይ ደግሞ የኦሪንን ጠመንጃ ከቁም ሳጥኑ አውጥታ፣ በዘይት ወልውላ፣ ለበርናዲን ልጅ ለኪፕ ሰጠችው። ለኔ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል አለች። በርናዲን አጠገባቸው ቆማ አልቅሳ ነበር።

አዲሶቹ ማነጣጠሪያዎች እንግዲህ የመጨረሻ ሙከራዋ ነበሩ። የፊተኛው ደማቅ ብርቱካናማ ነጥብ አለው፤ የኋለኛው ሰፋ ያለ ክፍተት ያለው ጥቁር ነው፤ ዓይኑ ለደከመ ሰው ይረዳል ተብሎለታል። የፊተኛው አላስቸገራትም፤ ከሥር ያለችውን ብሎን ፈትታ አሮጌውን አወጣች፣ አዲሱን አስገብታ አጠበቀች። የኋለኛው ነው ሥራ ያለው። እሱ በብሎን አይያዝም፤ ብረቱ ላይ በተፈለፈለ ቦይ ውስጥ በጎን ተመትቶ ገብቶ በጥብቀቱ ብቻ የሚቀመጥ ነው። አሮጌውን ከዘጠኝ ዓመት በፊት እሷና ኦሪን ሲያስገቡት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶባቸው፣ ኦሪን አውራ ጣቱን በመዶሻ መትቶ ጥፍሩ ጠቁሮ ከርሞ ነበር።

ስለዚህ ለድብደባ ተዘጋጀች። የላይኛውን ብረት ፈትታ በቆዳ በተሸፈነው ሞርሳ ውስጥ አጥብቃ አሰረችው፤ ብረቱን እንዳይጎዳው የናሱን ዘንግ ማነጣጠሪያው ጎን ላይ ደገፈች፤ ቦታውን ልታረጋግጥ ብላ ብቻ በመዶሻው ነካ አደረገችው።

ማነጣጠሪያው ተስፈንጥሮ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

ቨርላ መዶሻውን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ አጎንብሳ አነሳችው፣ ወደ መስኮቱ ወስዳም ገለበጠችው። ላዩ ጥቁር ነው፤ ሆዱ ግን ነጭ ሆኖ ያበራል፤ ጥቃቅን የሞረድ ጭረቶች በአንድ አቅጣጫ ተሰድረዋል። ቦዩ ውስጥ የደረቀ፣ ቢጫ የመሰለ ማጣበቂያ ነበር፤ በጥፍሯ ስትነካው ተፈረፈረ። ወደ ቦታው ስትመልሰው በአውራ ጣቷ ግፊት ብቻ ወዲያና ወዲህ ሄደላት።

መጀመሪያ የመጣባት ኦሪን ነው፤ እሱ ሞርዶት ይሆን? ግን ያን ቀን አጠገቡ ነበረች፤ ደግሞስ ሞርዶ ያሳነሰውን ነው ግማሽ ሰዓት የደበደበው? ከዚያ ሰኔ ትዝ አላት። እጇ በጄሶ ታስሮ ሳለ በርናዲን ሾርባ ይዛ መጥታ፣ «በአንድ እጅሽ እንዴት ታጸጂዋለሽ፣ ስጪኝ» ብላ ሽጉጡን ወሰደችው። ሦስት ሳምንት እሷ ዘንድ ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ከኦሪን በቀር ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም።

የጋራዡ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ብዙ ቆየች። አላለቀሰችም።

ከዚያ ተነስታ ሥራውን ቀጠለች። ቦዩን በጨርቅና በአልኮል አጸዳች። አዲሱ ማነጣጠሪያ ወፍራም ስለነበር ከሆዱ ጥቂት ጥቂት እየሞረደች ሞከረችው፤ ቦዩን አልነካችም፤ ሲሦው በእጅ ሲገባላት ሞረዱን አስቀመጠች፣ ቀሪውን በናሱ ዘንግ እየመታች መሀል አደረሰችው። አሥር ጊዜ ሳይሆን አርባ ጊዜ መታችው። ስትጨርስ በአውራ ጣቷ ገፋችው፤ ንቅንቅ አላለም።

ከሰዓት ተኩስ ሜዳው ሄደች። ጠባቂው ሚስተር ሃልቨርሰን ድሮ የጠመንጃ ሠሪ የነበሩ፣ ሰማንያ የደፈኑ ሰው ናቸው። ቨርላ ስድሳ ጥይት ተኮሰች፤ ስድሳኛው እንደ መጀመሪያው መሀል ገባ። ሽማግሌው ወረቀቱን አይተው፣ «ዓይኗ ጠፋ ያሉኝ አንቺን አይደል?» አሏት።

አሮጌውን ማነጣጠሪያ ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አገላብጠው አዩት።

«ይሄ የፋብሪካ ሥራ አይደለም» አሉ። «ሰው ነው የሞረደው። በማጣበቂያ ይዞት፣ ማጣበቂያው ሲሰነጠቅ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጥይት ይገፋዋል። ጥቂት ነው፣ በዓይን አታዪውም።» ብረቱን መልሰውላት፣ «ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሏት።

«አውቃለሁ።»

ሌላ አልጠየቋትም።

በርናዲን ወጥ ቤቷ ውስጥ ድንች እየላጠች ነበር። ቨርላ ገብታ ቁራጯን ብረት ከልጣጩ አጠገብ አስቀመጠችው። በርናዲን ብረቱን አየችው፤ ቢላዋውን አላስቀመጠችም።

«ራስሽ ገጠምሽው ማለት ነው» አለች።

«ራሴ ገጠምኩት።»

በርናዲን መጀመሪያ አሮጌ ብረት ነው፣ ይበላል ይላላል አለች። ቨርላ ብረቱን ገልብጣ የሞረዱን ጭረት አሳየቻት። በመጨረሻ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሰባት ጊዜ አምስተኛ ወጥቻለሁ» አለች ዓይኗን ከድንቹ ሳታነሳ። «ሰባት ጊዜ። ውኃና ፎጣ ይዤላችሁ ከኋላችሁ ስቆም ዓይተሽኝ ታውቂያለሽ? አንድ ዓመት ነው የፈለግሁት። ከዚያ ራሴ ላስተካክልልሽ ነበር። ብጠይቅሽ ቦታሽን ትለቂልኝ ነበር?»

ቨርላ አሰበች። መዋሸት አልፈለገችም። «አልለቅልሽም ነበር።»

«አየሽ።»

«ቦታውን ብቻ ሰርቀሽ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ተሰዳድበን ይወጣልን ነበር» አለች ቨርላ፤ ድምጿ አልጨመረም። «አንቺ ግን ዓይንሽ ነው አልሽኝ። ስድስት ወር ሙሉ መኪና ስነዳ ሰው እገጫለሁ ብዬ ስፈራ፣ የማስተምራቸውን ሴቶች ስተዋቸው፣ አጠገቤ ሆነሽ አይዞሽ ትይኝ ነበር። የኦሪንን ጠመንጃ ለልጅሽ ስሰጥ ቆመሽ አየሽኝ፣ በርናዲን። አልቅሰሽ ነበር እኮ።»

«ያለቀስኩት እውነቴን ነው» አለች በርናዲን።

«እሱ ነው የባሰብኝ።» ቨርላ ብረቱን ሳታነሳ ወጣች።

በሳምንቱ ኪፕ ጠመንጃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣላት። እናቱ መልስ ብላዋለች፣ ለምን እንደሆነ አልነገረችውም። በረንዳው ላይ ቆሞ፣ «አጠፋሁ እንዴ፣ ቨርላ?» ሲላት ምንም አላጠፋህም አለችውና ተቀበለችው። ቡና ጠጣ ሳትለው በሩን ዘጋች፤ በኋላ ይህም ቆጫት።

በርናዲን ትከሻዬን አሞኛል ብላ ከቡድኑ ወጣች። ቨርላ እውነቱን ለማንም አልተናገረችም፤ ሚስተር ሃልቨርሰንም ምንም አላሉም። በድጋሚ በተደረገው ምርጫ ቦታው ተመለሰላት። በግንቦት ያን የጀማሪዎች ትምህርት እንደገና ጀመረች። በሰኔው የግዛት ውድድር ቡድኑ ሦስተኛ ወጣ፤ ከአራቱም የተሻለ የተኮሰችው እሷ ነበረች። ስትመለስ አምስት ሰዓት ብቻዋን ነዳች፤ ያን መንገድ ብቻዋን ነድታው አታውቅም ነበር፤ ሬዲዮውን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

በውድድሩ ዕለት አንድ ነገር ሆኖ ነበር። ከቡድኑ ትንሿ፣ ትሬሳ የምትባል ነርስ፣ ያንን ብርቱካናማ ነጥብ ስታይ ወደደችውና፣ «እስቲ ልያዘው» አለቻት። ቨርላ ባዶ መሆኑን አሳይታ ሰጠቻት። ትሬሳ ወደ ኢላማው አነጣጥራ፣ ፈገግ ብላ፣ አመስግና መለሰችላት፤ ግማሽ ደቂቃ እንኳን አልሞላም። ቨርላ ጀርባዋን ሰጥታ የኋላውን ማነጣጠሪያ በአውራ ጣቷ ገፋ ገፋ አደረገችው። ቀና ስትል ልጅቷ እያየቻት ነበር።

«ምን አደረግኩት?» አለች ትሬሳ።

«ምንም» አለች ቨርላ። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ይቅርታ ልትላት አፏን ከፈተች፤ ተራ ጠሪው ስሟን ሲጠራ ሽጉጧን ይዛ ወደ መስመሩ ሄደች።