የቱጃሩ ሕንፃ ጥሪ

የመሀል ከተማው አሮጌ ሕንፃ በር ላይ የቱጃሩ የነሐስ ሐውልት ቆሟል። በሳሙና ፋብሪካ የናጠጠ ሀብታም ነበር፤ ሕንፃውን አሠርቶ በራሱ ስም ሰየመው። አንድ ምሽት ታዲያ ዘበኛው ጌታው ውስጥ መኖሩን ሳያውቅ መብራት አጥፍቶ ቆለፈበት። ደንቡ የወጣው ከዚያ ወዲህ ነው፦ የሚዘጋ ዘበኛ ከደረጃው ሥር ቆሞ ሽቅብ ሦስት ጊዜ "ሰው አለ?" ሳይል መብራት አያጠፋም። ቱጃሩ ሞተ፣ ሳሙናው ተረሳ፤ ጥሪው ግን እስከ ዛሬ አለ።

የአሁኑ ዘበኛ ሳይጣራ የቀረው አንድ ቀን ብቻ ነው። ኳስ ሊጀመር ነበርና ልቡ ቀድሞት ሄዷል። መብራቱን አጠፋ፣ በሩን ቆልፎ ከነፈ። የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበሩ። በጨለማ ሲወርዱ ወድቀው ክንዳቸው ተሰበረ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ "ተጣርተሃል?" ሲለው አፉ ቀደመው። "እንደ ደንቡ ተጣርቻለሁ።"

እትዬም ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያው የከዳኝ ጆሮዬ ነው። ዘበኛው እንደሆነ አይዋሽም።"

ይህቺ ቃል አንጀቱን በላችው። ነገ እናገራለሁ፣ ከነገ ወዲያ እናገራለሁ ሲል ውሸቱ ሥር ሰደደ። ሰው ሁሉ እትዬን ሲያነጋግር መጮህ ጀመረ፤ እሳቸውም ደንቁሬያለሁ ብለው አመኑ።

ክንዳቸው ሲጠገን ሽርጣቸውን ሊወስዱ መጡ፤ ሥራውን ሊተዉ ነው። ቢሮዎቹ ተዘግተው ሕንፃው ጭር ብሏል።

"ሥራውስ ይቅር" አሉት ዘበኛውን። "የሚያንገበግበኝ የልጅ ልጄ ነው። ምራቴ ሕፃኑን ለብቻዬ አትተውልኝም። ቢያለቅስ አይሰሙም አለች። አልፈርድባትም።"

እትዬ እያቃሰቱ ወደ ላይ ወጡ። የእግራቸው ድምፅ ሲጠፋ ዘበኛው ከደረጃው ሥር ቆመና፣ አጠገቡ ላለ ሰው እንደሚያወራ ቀስ ብሎ፣ "ሰው አለ?" አለ።

"አለሁ" አሉ እትዬ፣ ወዲያው።

ሽርጣቸውን በብብታቸው ይዘው ወረዱና የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆሙ።

"ያን ቀን አልተጣራህም።"

"አልተጣራሁም፣ እትዬ።" እግራቸው ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ።

"ተው፣ ቀና በል። ዝጋና እንሂድ።"

"ወዴት?"

"ምራቴ ዘንድ። ይህንኑ ካንተው አፍ ትስማው።"

ዘበኛው እሺ ብሎ እጁን ወደ መብራቱ ሰደደ።

"መጀመሪያ ተጣራ" አሉት።

"ማንም የለም እኮ፣ እትዬ።"

"ተጣራ።"

ባዶው ደረጃ ሥር ቆሞ ሦስቴ ተጣራ።