የአስራ አንድ ሰዓቱ መጋረጃ

ክፍል ውስጥ «ጭምቷ» ይሏታል፤ በዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ግሩፕ ላይ ግን ስሟ «ንስር» ነው። ሰው ፊት ትንፍሽ የማትለው ልጅ ስልኳን ስትይዝ አንደበቷ ይፈታል። ግሩፑም የዋዛ አይደለም፤ ባለፈው ወር ተማሪው ተባብሮ ቢጽፍ የተቃጠሉት አምፖሎች በሳምንቱ ተቀይረዋል።

ንስርም ጻፈች። «ማንበቢያ ክፍሉ አመሻሽ ላይ ወርቅ ይመስላል። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ግን መጋረጃው ይዘጋል። ፊደሉ መዋኘት ይጀምራል፣ ሁላችንም እናንቀላፋለን። ለምን?»

ብርሃኑን ወዳ ነው፤ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። የቀረውን ሌሎች ጨረሱላት። «ሴትዮዋ መተኛት አምሯት ነዋ!» አለ አንዱ። «ጡረታ ትውጣልን» አለ ሌላው፣ መልኳን እንኳ በቅጡ የማያውቀው።

ሴትዮዋ፣ መጋረጃውን የምትዘጋው የማንበቢያ ክፍሉ ሠራተኛ፣ እናቷ ናት። «የሠራተኛ ልጅ ስለሆነች ነው የምታልፈው» እንዳይባል ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለቱም ደብቀውታል። ቤት ጠይቃት ቢሆን ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ግን ቤትም ጭምት ናት።

ዛሬ ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል እናትየዋ ልጅቷ ወደምትቀመጥበት ሦስተኛ ጠረጴዛ መጣች። መጥታ አታውቅም።

«እስቲ ይቺን አንብቢልኝ» አለች በሹክሹክታ፣ ስልኳን እያቀበለቻት። «መነጽሬን ረስቼ ወጣሁ። አለቃዬ ነው የላከው፤ ደውሎም አሁን ቢሮ ነይ ብሎኛል። ከዚህ ክፍል ሊያነሳኝ ነው መሰለኝ።»

የተላከው የግሩፑ ጽሑፍ ነበር፤ ልጅቷ የገዛ ቃሏን አነበበች፣ ስድቡን እየዘለለች። ድምጿ ከሩቅ የሚመጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

«እውነታቸውን ነው» አለች እናቷ። «ለክፍሉ ሁሉ ማሰብ ነበረብኝ። ግን ፀሐይዋ በዚያ ሰዓት ቀጥ ብላ የምታርፈው አንቺ ዓይን ላይ ነው። ከልጅነትሽ ጀምሮ ዓይንሽ ብርሃን አይችልም።»

ይህን ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ግሩፑ ላይ በእውነተኛ ስሟ ጻፈች። «ንስር እኔ ነኝ። የሰደባችኋት እናቴ ናት። መጋረጃውን የምትዘጋው ለእኔ ዓይን ብላ ነው፤ አላወቅኩም ነበር።» የመጀመሪያው መልስ ወዲያው መጣ፦ «እኛም ጠርጥረን ነበር፤ የሠራተኛ ልጅ!» ስልኩን በፊቱ ደፋችው።

አስራ አንድ ሆነ። ዛሬ መጋረጃውን የነካው የለም። ብርሃኑ በመጻሕፍቱ ላይ ቀስ እያለ መጥቶ ፊቷ ላይ ቆመ። ለካ እንዲህ ያቃጥላል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልቀመሰችውም።

ተነስታ ወደ እናቷ ሄደች።

«አለቃሽ ጋ አብረን እንገባለን፣ እማዬ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት።

«ዓይንሽ ቀልቷል» አለች።