ዝምተኛው

ሂበርትና አለቃው ትሬሎር ካያኳን፣ ጠባቧን የቀዘፋ ጀልባ፣ በሁለት አለት መሃል ሸሽገው መረብ አለበሷት። ሂበርት የወታደር ጃኬቱን አውልቆ የግሪክ ገበሬ ካፖርት ደረበ። የባሕሩን ጥልቀት ለክተው ጨርሰዋል፤ የቀረው ከኮረብታው ማዶ ያለው የጀርመኖች መድፍ ነው። ሂበርት እሱን አይቶ እስከ ቀትር ሊመለስ ነው።

ትእዛዙ ግልጽ ነበር። ፀሐይ ከባሕሩ ጫፍ ስትደርስ፣ ሁለት ሰው ይኑርባትም አንድ፣ ካያኳ ትሄዳለች። ያመጣቸው ሰርጓጅ መርከብ ሲመሽ ብቅ ይላል፤ ቆሞ አይጠብቅም።

ባለ ሁለት መቀመጫዋን ካያክ አንድ ሰው ብቻውን ከቀዘፋት አፍንጫዋ ሽቅብ ይነሣና ነፋስ እንደ ቅጠል ያሽከረክራታል። ስለዚህ የፊተኛው መቀመጫ ላይ ድንጋይ ይጫናል። በማሠልጠኛው ሰፈር ይህን ድንጋይ «ዝምተኛው» ይሉታል።

«ከቀረሁ ዝምተኛውን ይዘህ ሂድ፣ አለቃ» አለ ሂበርት።

«እሱ ይሻለኛል። ብስኩቴን አይሰርቅም።»

«ቀልድ ግን አያውቅም። በድብርት ይገድልሃል።»

«ሂድ ወዲያ፣ ወሬኛ!»

ሂበርት እየሳቀ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ።

አሥር አለቃ ትሬሎር በእንግሊዝ አገር የኮርንዎል ዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፤ ባሕር ዳር ብቻውን መቀመጥ ለእሱ አዲስ አልነበረም። ሂበርት ግን ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ ሥራው ከሰው ጋር ነው። ከፊት ተቀምጦ ሲቀዝፍ እንኳ ስለ እርሾ፣ ስለ እህቶቹ፣ ስለ ጎረቤት ድመት ያንሾካሹካል። ትሬሎር ከኋላ ሆኖ የሚያየው ማጅራቱን ብቻ ነው። አሁን ፊቱን ለማስታወስ ሲሞክር ማጅራቱ መጣበት።

ቀትር ሆነ። ከኮረብታው ማዶ አንድ ጥይት ተተኮሰ። ከዚያ ውሻ ጮኸ፤ ብዙ ጮኸና እሱም ተወው።

ትሬሎር ብስኩቱን አውጥቶ ለሁለት ከፈለ። ግማሹን በላ። ጥላው እየረዘመ ሄደ፤ መንገዱ ላይ ግን አንዲት ፍየል እንኳ አልታየችም። የለኩት ጥልቀት ለአዛዦቹ ካልደረሰ ነገ የሚመጡት ጀልባዎች በአሸዋው ላይ ተሰክተው እንደሚቀሩ ያውቃል። ፀሐይዋ ባሕሩን ነካች። «ትንሽ» አለ ለራሱ። ግማሿ ጠለቀ። ተነሣ።

ድንጋይ ለቀመ። እንዳይንከባለል በሂበርት ጃኬት ጠቅልሎ፣ እጅጌዎቹን አስሮ መቀመጫው ላይ አኖረው። ካያኳን ውሃ ላይ ሲገፋት አፍንጫዋ አሁንም ከፍ አለ። ሂበርት ከባድ ነበር። ድንጋይ ጨመረ፤ እንደገና ጨመረ፤ እንደ ወትሮዋ ተስተካክላ እስክትቀመጥ።

ቀዘፈ። ነፋሱ ይነፍስ ነበር፣ ካያኳ ግን ቀጥ ብላ ሄደች። ከፊቱ ማንም አላወራም። አንዴ፣ ሳያስበው፣ «ድመቷስ?» አለ።

ሰርጓጅ መርከቡ በድንግዝግዙ ጥቁር ጀርባውን አወጣ። አንድ ሸበቶ መርከበኛ ገመዱን ይዞ ወደ ውሃው ጠጋ አለ።

«እሰይ! ሁለታችሁም መጣችሁ?»

ትሬሎር «ዝምተኛውን ይዤ ነው» አለ።

ሰውየው ቃሉን አያውቀውም። በድንግዝግዙ ጃኬቱን ሰው መስሎት ወደ ፊተኛው መቀመጫ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ።

«አይዞህ የኔ ልጅ፣ ደርሰሃል። በል፣ እጅህን ስጠኝ።»

ትሬሎር ወዲያው መናገር ነበረበት። አልተናገረም። ያ እጅ እዚያው እንደተዘረጋ ትንሽ እንዲቆይ ፈለገ።